ሶንግክራን ላይ ልጅ ይዤ ልውጣ ወይስ ቤት ልዋል?

የፕራቱናሟ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባንኮክ መኖር ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ፕራቱናም ገበያ አካባቢ የካርጎ ሥራ እሠራለሁ። በመጪው ኤፕሪል ታናሽ እህቴ የሰባት ዓመት ልጇን ይዛ ልትጠይቀኝ ትመጣለች። ትኬቱን የቆረጠችው ሶንግክራንን፣ ሰው በውሃ የሚራጭበትን የታይላንድ ባህላዊ ዘመን መለወጫ፣ ለማየት ብላ ነው። ልጁ ስልክ ላይ ባገኘኝ ቁጥር የሚያወራልኝ ስለ ውሃ ሽጉጥ ብቻ ነው።

እኔ ግን ካለፈው ዓመት ወዲህ ፈራሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ኤፕሪል 13 ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት እየተመለስኩ ነበር። ሰፈራችን መግቢያ ላይ ብርቱካናማ ሰደሪያ የሚለብሱ የሞተር ታክሲዎች ይቆማሉ። ከእነሱ አንዱ ወደ ስልሳ ዓመት የሚጠጋቸው ሰውዬ ናቸው። የእኔ ደንበኛ ናቸው። ዕቃ ሲበዛብኝ ሁለቴ ተመላልሰው ያደርሱልኛል፣ ለሁለተኛው ዙር ብር ስሰጣቸው አይቀበሉኝም። ያን ቀን ሰው አልጫኑም። ቀስ ብለው ነው የሚነዱት። መንገድ ዳር ጎረምሶች በረዶ የተጨመረበት በርሜል ከበው ቆመዋል። አንዱ ባልዲውን ሞልቶ ፊታቸው ላይ ደፋባቸው። ሰውዬው እጃቸውን ወደ ዓይናቸው ሲያነሱ ሞተሩ ተንሸራተተ። ከነሞተራቸው አስፋልቱ ላይ ተዘረሩ።

ሄልሜታቸውን አጥብቀው አስረውት ስለነበር ጭንቅላታቸው ተረፈ። ትከሻቸው ግን ተሰበረ። ከሁለት ወር በላይ ሥራ አልወጡም።

ከአእምሮዬ የማይጠፋው ልጁ ነው። ባልዲውን ጥሎ አጠገባቸው ተንበረከከ። ሁለት እጁን ደረቱ ላይ ገጥሞ እያለቀሰ ይቅርታ ይለምናል። ፊቱ ላይ የተቀባው ነጭ ዱቄት በእንባው እየታጠበ መስመር ሠርቷል። አልጠጣም። ክፉ ልጅም አይመስልም። ዕድሜው ቢበዛ አሥራ አምስት ቢሆን ነው። እና ክፋት የሌለበት ልጅ በዓል ሲያከብር ሰው የሚሰብር ከሆነ፣ በዓሉ ራሱ ከልክ አላለፈም ወይ?

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ሶንግክራን በእርግጥ አደገኛ ሆኗል ወይስ እኔ አንድ ነገር ስላየሁ ነው የፈራሁት? ልጅ ይዞ መውጣት ይቻላል? የሚቻል ከሆነስ የት? «አይዞሽ» ብቻ አትበሉኝ፣ ምክንያቱንም ንገሩኝ።


ቤት ዋዩ፦

እህቴ፣ እኔ አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ2016 በሶንግክራን ሰባት ቀን ውስጥ 442 ሰው በመንገድ አደጋ ሞተ። ያንን ዜና ከሰማሁ በኋላ ኤፕሪል 12 ማታ አስቤዛዬን ገዝቼ እገባለሁ፣ 16 ጠዋት እወጣለሁ። ፊት ላይ የሚመጣ የበረዶ ውሃ ደስታ አይደለም። በተለይ ልጅ ይዞ መውጣት እኔ ቢሆን አላደርገውም።


የኮን ኬን አማች፦

ሰላም እህቴ። ለሰውዬው አዝኛለሁ፣ እግዜር ይማራቸው። እዚህ አገር አሥራ ሦስት ዓመት ኖሬያለሁ። ባለቤቴ የኢሳን፣ የሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ ልጅ ናት፣ ከኮን ኬን። ስለዚህ ሶንግክራንን የማውቀው ባንኮክ ውስጥ ቱሪስት ከሚራጭበት ካኦ ሳን መንገድ ሳይሆን ከአማቴ ግቢ ነው። ረዘም አድርጌ ብጽፍ አትቀየሚኝ፣ ነገሩ ስለሚያንገበግበኝ ነው።

መጀመሪያ አደጋውን። አለ፣ ማንም አይክደውም። መንግሥት ራሱ «ሰባቱ አደገኛ ቀናት» ብሎ ስም አውጥቶለት በየቀኑ ይቆጥራል። ቤት ዋዩ የጠቀሰው 442 ትክክል ነው። በ2024 ቁጥሩ 287 ነበር፣ በ2025 ደግሞ 253። ቀንሷል፣ ግን 253 ቤተሰብ ማለት ነው። በዚያ ላይ ቆጠራው ሰባቱ ቀን እንዳለቀ ስለሚዘጋ፣ ሆስፒታል ተኝቶ ከሳምንት በኋላ የሚሞተው ሰው እዚያ ውስጥ የለም።

አሁን እነዚህ ሰዎች በምን እንደሞቱ ተመልከቺ። በውሃ አይደለም። በየዓመቱ የሚነገሩት ምክንያቶች ሁለት ናቸው፣ ፍጥነትና መጠጥ። ከአሥሩ አደጋ ስምንቱ ውስጥ ሞተር አለ። ብዙው ደግሞ ቱሪስት በሚጨፍርበት መንገድ ላይ አይደርስም። እኛ መንደር በመሰለ ቦታ ነው የሚደርሰው። ሰውዬው ጎረቤት ቤት ሲጠጣ ይውላል። ማታ «ቤቴ እኮ እዚህ ነው፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው» ይልና ያለ ሄልሜት ሞተሩን ያስነሳል። የባለቤቴ አጎት ልጅ እንደዚህ ነው የሄደው። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ቤቱ ከሞተበት ቦታ ይታያል።

ሁለተኛው የሚገድለው ጉዞው ነው። ባንኮክ ውስጥ የሚሠራው ሕዝብ አብዛኛው የክፍለ ሀገር ሰው ነው፣ በሶንግክራን ሁሉም እናቱ ጋ ይሄዳል። ሞ ቺት አውቶቡስ ተራን በዚያ ሳምንት አይተሽው ከሆነ ታውቂዋለሽ። እኛ በሚትራፓፕ መንገድ ነው የምንሄደው፣ ከሳራቡሪ ተነስቶ በኮራት አድርጎ ወደ ኮን ኬን። ከባንኮክ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በደህናው ቀን ስድስት ሰዓት የሚፈጀው በበዓሉ ዋዜማ አሥራ ሁለት ሰዓት ፈጅቶብኛል። ከሥራ ወጥቶ ሳይተኛ ሌሊቱን የሚነዳ አለ። ፒካፕ ኋላ ላይ አያት፣ ልጅ፣ ፍራሽ፣ ቴሌቪዥን ተጭኖ ይሄዳል። በ2017 መንግሥት ፒካፕ ኋላ ላይ ሰው መጫን ልከልክል ብሎ ነበር። በሶንግክራን ዋዜማ ሕዝቡ ተቆጣ። «ሌላ መኪና የለንም፣ እናታችንን እንዳናይ ነው ወይ?» አለ። መንግሥትም ለቀቀው። እኔ ሕጉ ትክክል ነበር እላለሁ። ግን የሰዎቹም ጥያቄ ትክክል ነበር፣ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም። እኛ ልጆች ከወለድን ጀምሮ ኤፕሪል 10 ጠዋት እንወጣለን፣ ኮራት ላይ አንድ ሌሊት እናድራለን፣ 18 ከመድረሱ በፊት አንመለስም። አለቃዬን በየዓመቱ የምለምነው ፈቃድ ይሄ ብቻ ነው።

አንቺ ያየሽው ሦስተኛው ነው፣ በሚሄድ ሞተር ላይ ውሃ መድፋት። ይሄን እኔም አልታገሥም። ሰው በእግሩ ሲሄድ ውሃ ቢደፉበት ይስቃል። ሞተር ላይ ያለ ሰው ግን ዓይኑን ጨፈነ ማለት መሪውን ለቀቀ ማለት ነው። እኛ መንደር ሽማግሌዎቹ ለልጆቹ አንድ ደንብ ሰጥተዋቸዋል። ሞተር ሲመጣ ባልዲው መሬት ይቀመጣል። ሞተረኛው ራሱ ካቆመና አንገቱን ዝቅ ካደረገ፣ በጎድጓዳ ሳህን ትከሻው ላይ ቀስ ተደርጎ ይፈስስለታል። ያ ልጅ ይሄን የሚነግረው ሰው አላገኘም። ጥፋቱ ከእሱ ይልቅ የትልልቆቹ ነው ባይ ነኝ።

እሺ፣ በዓሉ ራሱስ ምንድን ነው? እህትሽ ልጇን ይዛ አህጉር አቋርጣ የምትመጣ ከሆነ ይሄን ሳያይ አይመለስ። ሶንግክራን የሚለው ቃል ከሳንስክሪት የመጣ ነው፣ መሻገር ማለት ነው። ፀሐይ ወደ አዲስ ዙር የምትሻገርበት ቀን። የድሮው ዘመን መለወጫቸው ነው። ከ1941 ጀምሮ መንግሥት አዲስ ዓመትን ወደ ጃንዋሪ 1 ቢያዛውረውም ሕዝቡ ከልቡ አላወጣውም። በዲሴምበር 2023 ዩኔስኮም መዝግቦታል። ዩኔስኮ የመዘገበው የውሃ ሽጉጡን እንዳይመስልሽ። አማቴ ግቢ ውስጥ የሚሆነውን ነው።

ጠዋት ወደ ዋት፣ ወደ ቡድሃ ቤተ መቅደስ፣ እንሄዳለን። ሴቶቹ በትንንሽ ባልዲ አሸዋ ይይዛሉ። ዓመቱን ሙሉ ከመቅደሱ ግቢ በእግራችን ጠርገን የወሰድነውን አፈር እየመለስን ነው ይላሉ። ልጆቹ በአሸዋው ትንንሽ ቼዲ፣ ጫፉ የሾለ የመቅደስ ግንብ፣ ይሠሩና ጫፉ ላይ ባለቀለም ወረቀት ይሰካሉ። የቡድሃ ሐውልቶች መልካም ሽታ ባለው ውሃ ይታጠባሉ። ከዚያ ቤት ስንመለስ አማቴ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ሁለት መዳፋቸውን ገጥመው ወደ ላይ ዘርግተው ይጠብቁናል። የብር ጎድጓዳ ሳህን አለ፣ ውሃው ላይ የጃስሚን አበባ ይንሳፈፋል፣ የእኛው ጠምበለል። በዕድሜ ቅደም ተከተል እየተንበረከክን መዳፋቸው ላይ ትንሽ ትንሽ እናፈሳለን። እጃቸው ሩዝ ሲተክል የኖረ እጅ ነው፣ ጣቶቹ አይዘረጉም፣ ውሃው በየስንጥቁ ይወርዳል። ሮት ናም ዳም ሁዋ ይባላል። ስናፈስስ በዓመቱ ያስቀየምናቸው ነገር ካለ ይቅርታ እንለምናለን። እሳቸው በረጠበው እጃቸው ጭንቅላታችንን ዳሰስ አድርገው ይመርቁናል። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ታይኛ በደንብ አልችልም ነበር። ምን እንዳሉኝ አልገባኝም፣ ግን አልቅሻለሁ። እናቴን ካየሁ አራት ዓመት ሆኖኝ ነበር።

ስለዚህ እህቴ፣ መልሴ በዓሉ አደገኛ አይደለም ነው። በዓሉ ላይ የተለጠፈው መጠጥና ፍጥነት ነው አደገኛው። ሁለቱን መለየት ይቻላል። ኮን ኬን ከተማ ውስጥ ካኦ ኒያው የሚባል መንገድ አለ። ባንኮክ ካኦ ሳን አላት፣ ትርጉሙ የተፈተገ ሩዝ ነው፣ እኛ ደግሞ ኢሳን ስለሆንን የሚጣበቀውን ሩዝ ስም ሰጠነው። በሶንግክራን እዚያ አልኮል አይገባም። በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ እየረጠበ እጁን እያነሳ የሰው ማዕበል ይሠራል። ልጆቼን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ገብቻለሁ፣ ችግር አልገጠመኝም።


ሲሎም ተራማጅ፦

አማቹ የጻፈው ልብ ይነካል፣ ግን ከመንገዱ ሌላ አንድ ነገር ተረሳ። ሴት ሆነሽ ሕዝብ መሃል መግባት።

ከሦስት ዓመት በፊት ባንኮክ ውስጥ ሲሎም የሚባለው መንገድ ሄድኩ። መንገዱ ለመኪና ዝግ ነው፣ ሞተር የለም፣ በዚያ በኩል ጥሩ ነው። ሕዝቡ ግን ከሳላ ዴንግ ባቡር ጣቢያ ሥር ጀምሮ ጥቅጥቅ ይላል፣ ወደፊትም ወደ ኋላም መሄድ አይቻልም። ዲን ሶ ፖንግ የሚባለውን ነጭ ጭቃ የያዙ ወንዶች መጡ። አንዱ «ሱክሳን ዋን ሶንግክራን» (መልካም ሶንግክራን) ብሎ ጉንጬን ነካ አድርጎ ቀባኝ፣ ምንም አልነበረበትም፣ በአክብሮት ነው ያደረገው። ከእሱ ኋላ የመጣው ግን እጁን አንገቴ ላይ፣ ከዚያ ወደ ታች ሰደደ። ገፋሁት። ሌላ እጅ ከኋላ መጣ። ማን እንደሆነ ዞሬ ማየት እንኳን አልቻልኩም። ስጮህ በሙዚቃው ማንም አልሰማኝም።

በ2018 ባለሥልጣናት ሴቶች በሶንግክራን ገላቸውን የሚያሳይ ልብስ እንዳይለብሱ መከሩ። ሲንዲ ቢሾፕ የተባለችው ሞዴል ተቆጣች። ስለ አለባበሴ ከምትነግሩኝ ለወንዶቹ እጃቸውን እንዲሰበስቡ ንገሩ የሚል ዘመቻ ጀመረች፣ አገር ምድሩ ተነጋገረበት። እኔ ያን ቀን የለበስኩት ረጅም እጅጌ ያለው ጥቁር ቲሸርትና ሱሪ ነበር። ለማንም መናገር የማልፈልገው ዝርዝር ነው፣ ግን ሰው የሚጠይቀው መጀመሪያ እሱን ስለሆነ ጻፍኩት።

የፕራቱናሟ፣ ከእህትሽ ጋር ሲሎምም ሆነ ካኦ ሳን ከሄዳችሁ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሂዱ፣ ከሰዓት ሳይሞላ ውጡ። ጠዋት ላይ ያለው ቤተሰብ ነው፣ ሕፃን ያዘለ ሁሉ ታያላችሁ። ከአሥር ሰዓት በኋላ ሌላ ዓለም ነው። አንድ ነገር ቢደርስባችሁ የቱሪስት ፖሊስ 1155 ነው፣ በእንግሊዝኛ ያነጋግራሉ። እኔ ያን ጊዜ አላውቀውም ነበር።


የቺያንግ ማይ ነርስ፦

ቺያንግ ማይ ክሊኒክ ውስጥ ስለምሠራ የማየውን ልጨምር። የከተማዋ አሮጌ ግንብ ዙሪያውን በቦይ የተከበበ ነው። ሶንግክራን ላይ ሰዉ ባልዲውን በገመድ እያሰረ ከቦዩ ይቀዳል። የቆመ ውሃ ነው። በየዓመቱ ከበዓሉ ማግስት ዓይናቸው ደም የመሰለ፣ ጆሯቸው የሚያማቸው፣ የሚያስመልሳቸው ልጆች ይመጣሉ። ለልጁ የዋና መነጽር ግዢለት፣ ፊቱ ላይ ሲመጣ አፉን እንዲዘጋም አስተምሪው። ከፕላስቲክ ቱቦ የሚሠራው የግፊት ሽጉጥ የተከለከለ ነው፣ ግን አሁንም የሚይዙት አሉ። ካየሽ ራቂ። ዓይን ላይ ቅርብ ሆኖ ሲመታ ያደረሰውን ጉዳት አይቻለሁ።

ግን አማቹ ባነሳው ቁጥር ላይ አንድ ነገር ልበል። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2021 በታይላንድ መንገዶች ላይ ያስቀመጠው ከ18,000 በላይ ሞት ነው። ለቀን ብታካፍዪው ወደ 50 ይመጣል። የ2025ቱን 253 ለሰባት ብታካፍዪው 36 ነው። አቆጣጠሩ ስለሚለያይ እኩል አድርጌ አላወዳድረውም። ግን እኛ ነርሶች የምናውቀው ይሄን ነው፣ ድንገተኛ ክፍሉ በኦገስትም ባዶ አይሆንም። በሰባቱ ቀን ካሜራ አለ፣ ፖሊስ በየመገናኛው ትንፋሽ ይለካል። በቀሩት ሳምንታት እነዚያው ልጆች ያለ ሄልሜት ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ ማንም ዜና አይሠራባቸውም። እኔን የሚያስቆጣኝ ይሄ ነው። አደጋው የሶንግክራን ነው ስንል የቀረውን ዓመት በነፃ እናሰናብተዋለን።


ቤት ዋዩ፦

ነርሷ ያለችውን እንደዚህ አስቤው አላውቅም ነበር። እኔ ራሴ በየቀኑ በሞተር ታክሲ ነው ሥራ የምሄደው፣ ሄልሜቱን አንዳንዴ ነው የማደርገው። እነዚያን ቀናት ቤት ተዘግቼ ራሴን የጠበቅኩ ይመስለኝ ነበር። አሁንም ግን በዓሉ ላይ አልወጣም፣ ሕዝብ አልወድም።


የፕራቱናሟ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሲሎም ተራማጅ፣ የደረሰብሽን ስላካፈልሽን በተለይ አመሰግንሻለሁ፣ እህቴንም አስነብቤያታለሁ።

እንዲህ ወሰንኩ። 13 ጠዋት ሰፈራችን ያለው ዋት እንሄዳለን፣ ልጁ አሸዋውን ይሠራል። ውሃ መራጨቱን ጠዋት ላይ፣ መኪና በማይገባበት ቦታ፣ ለሁለት ሰዓት ብቻ። መነጽሩን ዛሬ ገዝቼለታለሁ፣ ሰማያዊ ነው የፈለገው። እነዚያን ቀናት ሞተር ላይ አንወጣም፣ በባቡር ነው የምንሄደው።

አንድ ነገር ደግሞ አሰብኩ። አማቹ ስለ አማትህ እጅ የጻፍከውን ሳነብ የሞተር ታክሲው ሰውዬ ትዝ አሉኝ። አሁን ተመልሰው እየሠሩ ነው፣ ግራ ትከሻቸው ግን እንደ ድሮው አይነሳም። ልጆቻቸው ሩቅ ክፍለ ሀገር ናቸው፣ ለሶንግክራን ሁሌ አይመጡላቸውም። ዘመድ ያልሆነ፣ ያውም የውጭ አገር ሰው፣ ሄዶ እጃቸው ላይ ውሃ ቢያፈስስ ነውር ነው? ነውር ካልሆነስ ምን ይዤ ልሂድ?


የኮን ኬን አማች፦

ምንም ነውር የለውም እህቴ። ለአስተማሪም፣ ለአለቃም፣ ለጎረቤት ሽማግሌም ይደረጋል። ባለቤቴን ጠየቅኳት፣ «በጣም ደስ ይላቸዋል» አለችኝ።

መብራት ላይ የሚሸጠውን የጃስሚን ጉንጉን ግዢ፣ ፑዋንግ ማላይ በያቸው። ናም ኦፕ የሚባል መልካም ሽታ ያለው ውሃ በጠርሙስ ይሸጣል፣ ጥቂቱን ንጹሕ ውሃ ላይ ጨምሪ። ለወንድ ሽማግሌ ፓ ካኦ ማ ይሰጣል፣ ያ ባለካሬው የወገብ ጨርቅ። ጠዋት ሥራ ሳይጀምሩ ሂጂ። ወንበር ላይ ቢቀመጡ ይሻላል፣ ትከሻቸው ስለሚያማቸው መሬት ላይ እጃቸውን ዘርግተው ብዙ መቆየት አይችሉም። ውሃውን ከራሳቸው ላይ እንዳታፈሺ፣ መዳፋቸው ላይ ብቻ፣ ቀስ ብለሽ። ልጁም ያፍስስ። ሳህኑን በሁለት እጁ እንዲይዝ ንገሪው።